ሰባ ስምንቱን ማን ጠየቃቸው? (ስለ በላዔ ሰብእ ታሪክ የቀረበ ሂስ)

የታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት ሐዋሳን ያየ ሰው ሁለት ነገር አይረሳም። አንደኛው ወደ ቅዱስ ገብርኤል የሚጎርፈው ሕዝብ ነው። ከሩቅ አገር በአውቶቡስ የመጣው፣ ጥላና ጧፍ የያዘው፣ ስለቱ ሰምሮለት እልል የሚለው፣ ገና ሊሳል የመጣው፣ ሁሉም በአንድ ጎዳና ይተማል። ሁለተኛው ያን ሕዝብ ከመንገድ ዳር ቆሞ የሚመለከተው ሌላው የከተማው ሰው ነው። በሲዳማ ምድር አብዛኛው ሕዝብ ወንጌላዊ ክርስቲያን መሆኑ የታወቀ ነውና ይህ ተመልካች ጥቂት አይደለም። ተጓዡም ተመልካቹም ክርስቲያን ነኝ ይላል፤ ሁለቱም በአንድ ወንጌል ይምላል። ነገር ግን «ሰው በእግዚአብሔር ፊት የሚጸድቀው እንዴት ነው?» ተብለው ቢጠየቁ መልሳቸው አንድ አይሆንም።

ይህ ክርክር በዶርማችንም አለ፤ የዛሬውን ጽሑፍ ያስጻፈንም እሱው ነው። በበዓሉ ማግሥት ማታ አንዱ ጓደኛችን የበላዔ ሰብእን ታሪክ አነሣ። «ሰባ ስምንት ሰው የበላ ሰው በጥርኝ ውኃ ከጸደቀ እኛማ ምን ገዶን!» አለ። ሌላው ከላይኛው አልጋ አንገቱን ብቅ አድርጎ «ይህ ተረት ነው። ሰው በእምነት እንጂ በውኃ አይጸድቅም» ሲል መለሰ። «እና አምኛለሁ ካልክ በኋላ የፈለግኸውን ብትሠራ ምን ይጠበስ ልትል ነው?» አለ የመጀመሪያው። «አንተስ ሰው በልተህ ውኃ ብታጠጣ ምን ይጠበስ እያልክ አይደለም ወይ?» አለ ሁለተኛው። ነገሩ ከረረ። ሁለቱ ወንድሞቻችን፣ በአንድ ትሪ ይበሉ የነበሩ ልጆች፣ ሳምንት ያህል ሰላምታ ሳይለዋወጡ ሰነበቱ።

እኛ የሥነ መለኮት ተማሪዎች አይደለንም፤ ማን እንደሚጸድቅና ማን እንደሚኮነን ለመፍረድም አልተነሣንም። ታሪክ አንብቦ መመርመር ግን የተማርነው ሥራ ነው። ሁለቱም ወንድሞቻችን በታሪኩ ተጣሉበት እንጂ አላነበቡትም የሚል እምነት አለን። አንዱ እንደ ሒሳብ ቆጠረው፤ ሌላው እንደ ተረት ጣለው። ስለዚህ እስቲ አንድ ጊዜ ጥበብ ያለው ድርሰት እንደሆነ አድርገን እናንብበው።

ታሪኩ የሚገኘው በተአምረ ማርያም ነው። ይህ መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው በአፄ ዳዊት ዘመነ መንግሥት፣ ማለትም በ14ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻና በ15ኛው መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ገደማ ነው። ልጃቸው አፄ ዘርአ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.) በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ አዘዙ። በእመቤታችን ስም የተጻፉ ተአምራት በሌላው ዓለምም ሞልተዋል፤ የበላዔ ሰብእን ያህል ኢትዮጵያውያን የራሳቸው ያደረጉት ግን ጥቂት ነው። በየካቲት 16፣ በኪዳነ ምሕረት በዓል፣ ይተረካል። በዘጌ የዑራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ተሥሎ ይታያል። ፊደል ያልቆጠሩ አያቶቻችን በቃላቸው ይነግሩናል። እኛም በምናውቀው አተራረክ ባጭሩ እናቅርበው።

በላይ በቅምር አገር የሚኖር ባለጸጋ ነበረ። እንደ አብርሃም ቤቱን ለመንገደኛ የከፈተ ደግ ሰው ነበረ። ሰይጣን ቀናበትና በሥላሴ አምሳል እንግዳ መስሎ ቤቱ ገባ። በላይ ለእንግዳው ፍሪዳ ሊጥል ሲነሣ፣ አይሆንም፣ የምትወደኝ ከሆነ ልጅህን ዕረድልኝ ተባለ። አረደ። አስቀድመህ አንተ ቅመስልኝ ተባለ። ቀመሰ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አእምሮው ተለወጠ፤ ከሰው ሥጋ በቀር የሚጥመው ነገር ጠፋ። ሚስቱን በላ፤ ቤተሰቡን በላ፤ መንገደኛ በላ። ቁጥሩ ሰባ ስምንት ደረሰ። ቤቱን ጥሎ፣ መሣሪያውንና የውኃ መያዣውን ይዞ በየበረሃው ይዞር ጀመር።

አንድ ቀን ገላው በቁስል ያለቀ፣ ውኃ ጥም ያቃጠለው ድኃ አገኘ። ቁስሉን አይቶ ሊበላው ተጸየፈው። ድኃው ግን ውኃ ለመነው። ስለ እግዚአብሔር ቢለው እምቢ አለ። ስለ ጻድቃን፣ ስለ ሰማዕታት ቢለው እምቢ አለ። ስለ እመቤታችን ሲለው ቆመ። ይህን ስም ድሮ ያውቀዋል። ጥርኝ ውኃ በእጁ አፈሰሰለት፤ ውኃው የድኃውን ጉሮሮ እንኳ በቅጡ አላራሰም ይባላል። በላይ ከዚያ ወደ ዋሻ ገብቶ እህል ሳይቀምስ ሞተ። መላእክተ ጽልመት ነፍሱን ሊወስዱ ሲሉ እመቤታችን ወደ ልጇ አማለደች። ሚዛን ቀረበ። በአንድ ወገን ሰባ ስምንቱ ነፍሳት፣ በሌላው ወገን ጥርኟ ውኃ ተቀመጠች። ሰባ ስምንቱ ነፍሳት ሚዛን ደፉ። ያን ጊዜ እመቤታችን ጥላዋን በውኃው ላይ ብታሳርፍ ውኃው ከበደ። በላይ ተማረ።

ታሪኩ ይኸው ነው። አሁን ወደ ምርመራችን እንግባ።

መጀመሪያ የምናስተውለው የአብርሃምን ነገር ነው። የታሪኩ አባት፣ ማን እንደሆነ ባይጻፍም፣ የኦሪት ዘፍጥረትን በደንብ አኝኮ የበላ ሰው ነው። አብርሃም ሦስት እንግዶችን ተቀበለ፤ በላይም በሥላሴ አምሳል የመጣ እንግዳ ተቀበለ። አብርሃም ልጁን እንዲሠዋ ታዘዘ፤ በላይም ታዘዘ። ልዩነቱ አብርሃምን ቢላዋውን ባነሣበት ቅጽበት የሚያስቆመው ድምፅ መምጣቱ ነው፤ በላይን ግን የሚያስቆመው የለም። ስለዚህ በላይ የተገለበጠ አብርሃም ነው። ያውም ክፋት ፈልጎ አልወደቀም፤ ደግነቱ ባለበት በኩል፣ በእንግዳ ተቀባይነቱና በታዛዥነቱ በኩል ነው የወደቀው። ይህ የደራሲውን ብስለት ያሳያል። ጽድቅ የሚባለውን ነገር በሥራው ብዛት የያዘው የሚመስለው ሰው በዚያው በሥራው መንገድ ሊጠፋ እንደሚችል ሳይሰብክ ያሳየናል።

እዚህ ላይ ዶርማችን ውስጥ የሚወረወሩትን ጥቅሶች እናስታውስ። ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 4 ላይ ሰው በእምነት እንጂ በሥራ እንደማይጸድቅ ለማስረዳት ምሳሌ ያደረገው አብርሃምን ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 ላይ እምነት ያለ ሥራ የሞተ መሆኑን ለማስረዳት ምሳሌ ያደረገውም ያንኑ አብርሃምን ነው። ጳውሎስ የሚጠቅሰው አብርሃም ገና ልጅ ሳይኖረው የተስፋውን ቃል ያመነበትን ሰዓት ነው፤ ያዕቆብ የሚጠቅሰው ልጁን በመሠዊያ ላይ ያቀረበበትን ሰዓት ነው። በሁለቱ መካከል ረጅም ዘመን አለ። አንዱ ወንድማችን የማለዳውን አብርሃም ይዞ፣ ሌላው የማታውን አብርሃም ይዞ ይካሰሳሉ እንጂ ሰውየውስ አንድ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ የውኃው ነገር ነው። በላይ ለድኃው የሰጠው ወርቅ አይደለም፤ በግም አይደለም፤ ያ ሁሉ ከእጁ ወጥቷል። ሚስት የለችውም፤ ቤት የለውም። የቀረው ለራሱ ጥም የሚሸከመው ውኃ ብቻ ነው። ከዚያው ቆንጥሮ ሰጠ። ያውም በጽዋ አይደለም፤ በእጁ ነው። ያ እጅ ልጁን ያረደ እጅ ነው። ታሪኩ ስለዚህ ጉዳይ አንዳች ቃል አይናገርም፤ «እነሆ ደም ያፈሰሰች እጅ ውኃ አፈሰሰች» ብሎ አያራቅቅም። ዝም ብሎ ያልፋል። ሠዓሊዎቻችን ግን ገብቷቸዋል፤ ይህን ታሪክ ሲሥሉ በላይንና ድኃውን ፊት ለፊት አቁመው ዓይናችንን ወደዚያች እጅ ይመሩታል።

የልመናው ቅደም ተከተልም አንባቢን ሊያስደነግጥ ይገባል። ስለ እግዚአብሔር ሲባል እምቢ ያለ ሰው ስለ ማርያም ሲባል እሺ ማለቱ በወንጌላዊ ወንድማችን ጆሮ ስድብ ነው የሚመስለው። እኛ ግን ይህን የምናነበው እንደ ሰው ጠባይ ነው። ወንጀል የሠራ ሰው የዳኛውን ስም መስማት አይችልም። የእናቱ ስም ሲጠራ ግን ይሰበራል። በላይ በእግዚአብሔር ፊት ያለበትን ዕዳ ስለሚያውቅ ያን በር ዘግቶታል፤ ያልዘጋው ስም አንድ ብቻ ነበር። ደራሲው የማርያምን ምልጃ ሲያስተምር የተሰበረ ሰው ልብ በየት በኩል እንደሚከፈትም አብሮ ነግሮናል።

ሦስተኛውና ዋናው ነጥብ ሚዛኑ ነው። ሕዝቡ ታሪኩን ሲያሳጥር «በጥርኝ ውኃ ጸደቀ» ይላል። ዶርማችን ውስጥ የተነገረውም እንዲሁ ነው። ነገር ግን ታሪኩ እንዲህ አይልም! ጥርኟ ውኃ በሚዛኑ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ አልመዘነችም። ሰባ ስምንቱ ሚዛን ደፉ። እንደ ሥራው ከሆነ በላይ ተፈርዶበታል፤ ፋይሉ ተዘግቷል። ያዳነው ከውኃው ሌላ የሆነ፣ ከራሱ ያልመጣ፣ ክብደት የሌለው ነገር ነው፤ ጥላ ነው። ጥላ ደግሞ በየትኛውም ገበያ፣ በየትኛውም ሚዛን ላይ አይመዘንም። ደራሲው ከዓለም ነገር ሁሉ መርጦ ክብደት የሌለውን ነገር በሚዛን ላይ ያኖረው ያለ ነገር አይደለም። ሚዛኑን ያመጣው ሊሰብረው ነው።

እንግዲህ ኦርቶዶክሳዊው ወንድማችን ሆይ፣ ታሪክህ የቸርቻሪ ሒሳብ አይደለም። ትንሽ ሠርቶ ብዙ ማትረፍን አያስተምርም። ቤተ ክርስቲያንህም ሥራ ያለ እግዚአብሔር ቸርነት ያድናል ብላ አታስተምርም፤ በስቅለት ዕለት የምታስበው በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ አንዲት በጎ ሥራ ለመሥራት እንኳ እጁ ያልተፈታለት ሰው ነበር። ወንጌላዊው ወንድማችን ሆይ፣ አንተም ተረት ነው ብለህ የጣልኸው ታሪክ ጳውሎስ ከሚለው ዋና ነገር እጅግ የራቀ አይደለም፤ በሥራው የሚመካ ሰው በሚዛኑ ፊት አፉ እንደሚዘጋ ይመሰክራል። ስለ አማላጅነት ልትከራከር ትችላለህ፤ መብትህ ነው። «ታሪኩ ሰው በሥራ ይጸድቃል ይላል» ካልህ ግን አላነበብኸውም።

በዚህ ጉዳይ የተከራከርነው እኛ ብቻ አይደለንም። በ1534 (እ.ኤ.አ.) ሚካኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ጀርመን አገር ዊተንበርግ ድረስ ሄዶ ከማርቲን ሉተር ጋር ተገናኝቷል። ስለ ሥላሴና ስለ ቁርባን ሥርዓት ተነጋገሩ፤ ሉተርም በኢትዮጵያዊው እምነት ደስ ተሰኝቶ የድጋፍ ደብዳቤ ሰጥቶ ሸኘው። «ሰው በእምነት ብቻ ይጸድቃል» በማለት አውሮፓን ለሁለት የከፈለው ሰው ከእኛ ዲያቆን ጋር በሰላም ተቀምጦ ተወያየ። የሉተር ተከታዮች ማኅበርና የሮማ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም ስንት ምዕተ ዓመት ከተወጋገዙ በኋላ፣ በጥቅምት 31 ቀን 1999 (እ.ኤ.አ.) አውግስቡርግ ላይ ስለ ጽድቅ በአንድ ሰነድ ላይ ፈረሙ። የሰነዱ ፍሬ ነገር ሰው በእግዚአብሔር ፊት ተቀባይነት የሚያገኘው በክርስቶስ በማመን፣ በጸጋ እንጂ በራሱ ብቃት አይደለም፤ ያው ጸጋ ግን ልቡን አድሶ ለበጎ ሥራ ያነሣሣዋል የሚል ነው። በአገራችን ብዙ ምእመናን ያሏት የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ከ1963 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የዚያ የሉተራውያን ማኅበር አባል ናት። ስለዚህ ይህ ነገር የባዕድ አገር ወሬ አይደለም። አራት መቶ ዓመት ደም ያቃባ ክርክር በጠረጴዛ ዙሪያ ከለዘበ፣ የእኛስ የዶርም ክርክር ምን ነክቶት ነው ሳምንት የሚያኮራርፈው?

ከዚህ ላይ ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል፤ ምክንያቱም አማርኛችን ከሁለቱ ወንድሞቻችን ይልቅ አስተዋይ ሆኖ አግኝተነዋል። «ጸደቀ» የሚለውን ቃል በየቀኑ የምንጠቀምበት በሦስት መንገድ ነው። አንደኛው የምንከራከርበት ነው፤ ሰው ጸደቀ። ሁለተኛው የሕግ ነው፤ ዐዋጅ ጸደቀ እንላለን። ሕገ መንግሥቱ ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ጸደቀ ሲባል፣ ሥልጣን ያለው አካል ተቀብሎት ጸና ማለት ነው። በዚህ በኩል ጽድቅ ከላይ የሚሰጥ ነው፤ ረቂቁ ራሱን ማጽደቅ አይችልም። ሦስተኛው የገበሬ ነው፤ ችግኝ ጸደቀ። ይህ የኛ ግቢ በ1976 (እ.ኤ.አ.) የእርሻ ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረ ስለሆነ የእርሻና የደን ተማሪዎች ጓደኞቻችን ይህን ከእኛ በላይ ያውቁታል። ክረምት ላይ የተተከለ ችግኝ ሁሉ ጸደቀ አይባልም። ሥር ሰዶ፣ በጋውን ተሻግሮ፣ ከብት ሳይረግጠው፣ ምስጥ ሳይበላው የከረመው ነው ጸደቀ የሚባለው።

እንግዲህ ወንጌላዊው ወንድማችን ጽድቅ ሲል የዐዋጁን ዓይነት ያስባል። በአንድ ቀን፣ በአንድ ቃል፣ ከላይ ከባለሥልጣኑ የሚሰጥ ነው ይላል። ኦርቶዶክሳዊው ወንድማችን ጽድቅ ሲል የችግኙን ዓይነት ያስባል። ዕድሜ ልክ የሚኮተኮት፣ በጾም በጸሎት የሚጠጣ፣ በበጋ የሚፈተን ነው ይላል። አማርኛው ግን ሁለቱንም በአንድ ቃል አስሮ ይዟል። የጸደቀ ዐዋጅ ማንም ሳይኖርበት በመደርደሪያ ላይ ሊቀር እንደሚችል አይተናል። ማንም ያልተከለው ችግኝ ሲጸድቅ ግን አላየንም። በላይ ሁለቱም ደርሰውታል ለማለት ያስደፍራል፤ ከላይ ምሕረት ተሰጠው፤ ከታች ደግሞ በጥርኝ ውኃና በዋሻው ውስጥ ባሳለፈው የጾም ቀን፣ ለአጭር ጊዜም ቢሆን፣ ሥር ሰደደ።

እስከዚህ ታሪኩን አመሰገንን። አሁን ደግሞ የሚጎድለውን እንናገር፤ ሂስ ማለት ውዳሴ ብቻ አይደለምና።

የሚጎድለው ሰባ ስምንቱ ናቸው። ታሪኩን ደግመን ደጋግመን አነበብን፤ ከሰባ ስምንቱ አንዱ እንኳ አፉን ሲከፍት አልሰማንም። በሚዛኑ ላይ ተቀመጡ፤ ከበዱ፤ ከዚያ ቀለሉ። አለቀ። ክብደት እንጂ ሰው አልሆኑም። የበላይ ሚስት በዚያ አለች። በእንግዳ ስም የታረደው ልጅ በዚያ አለ። ጥላው ውኃው ላይ ሲያርፍ ያ ልጅ ምን አለ? አባቱ በመዳኑ ደስ አለው? አለቀሰ? ወይስ «ጽድቁ ቀርቶብኝ በወጉ በኮነነኝ» እንደሚባለው፣ «ይማር፣ ግዴለም፣ ግን መጀመሪያ በወጉ ልሰማ» አለ? ደራሲው አልነገረንም።

«ይህ የተአምር መጽሐፍ ነው፤ ዓላማው የእመቤታችንን ቸርነት መግለጥ እንጂ የሟቾችን አቤቱታ መስማት አይደለም» የሚለን ይኖራል። ልክ ነው። ቢሆንም በጥቂት ዓረፍተ ነገር ይህን ማድረግ እንደሚቻል ከዚያው ከወንጌል እናውቃለን። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ላይ ያለው ዘኬዎስ ኃጢአተኛ ቀራጭ ነበር፤ ጌታ ሳይጠራው ወደ ቤቱ ገባለት። ይህ ጸጋ ነው፤ ዘኬዎስ ምንም ሳይሠራ ነው የተጎበኘው። እሱ ግን ተነሥቶ የበደላቸውን ሰዎች አስታወሰ፤ የወሰደባቸውን አራት እጥፍ ልመልስ አለ። ያ ታሪክ አጭር ነው፤ የተበደሉት ግን ገብተውበታል። የበላይ ታሪክ ግን በበላይና በሰማይ መካከል ብቻ ይጨረሳል። በእርግጥ ሟች ገንዘቡ እንደሚመለስለት አይመለስለትም። ቢሆንም ስሙ ሊጠራ ይችላል።

ይህን ጉድለት ያስተዋልነው ሐዋሳ ላይ በመኖራችን ይመስለናል። የሲዳማ ሕዝብ «አፊኒ» የሚለው ሥርዓት አለው፤ ትርጉሙ «ሰማችሁ ወይ?» እንደማለት ነው። በሶንጎ፣ በሽማግሌዎች ጉባኤ፣ ነገር ሲቀርብ የተበደለውም በዳዩም ሳይሰማ ፍርድ አይሰጥም። የሚፈለገው «ሀላሌ» ነው፤ እውነት ማለት ነው። እርቅ የሚመጣው ሀላሌ ከተገኘ በኋላ ነው እንጂ ሀላሌን ለመሸሽ አይደለም። የሚገርመው ነገር የኛው ቃልም ወደዚያው ይመራናል፤ በግዕዝ «ጽድቅ» ማለት እውነት ማለትም ነው። ስለዚህ «ጸደቀ» የምንለው ሰው ስለ ሠራው ነገር እውነቱ ከተነገረ በኋላ የቆመ ሰው መሆን ነበረበት። በበላይ ሚዛን ፊት ግን «አፊኒ» ያለ የለም።

ይህ ለምን ያስጨንቀናል? በዚህችው ከተማ በሰኔ 2010 ዓ.ም.፣ በፍቼ ጫምባላላ በዓል ሰሞን፣ ለዘመናት አብረው በኖሩ ሕዝቦች መካከል ግጭት ተነሥቶ ሰው ሞቷል፤ ብዙ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል። በሐምሌ 2011 ዓ.ም.ም እንደገና ደም ፈስሷል። ከዚያ ወዲህ በአገራችን ስንት ቦታ ስንት ሰው እንደሞተ ለመቁጠር ሰባ ስምንት አይበቃንም። በነዚያ ጊዜያት እጃቸውን ያነሡትም የተነሣባቸውም አብዛኛዎቹ ክርስቲያኖች ነበሩ። በማግሥቱ እሑድ ሁሉም ወደየቤተ ጸሎቱ ሄደ። አንዱ ስለት አገባ፤ ሌላው በእምነት ጸድቄአለሁ ብሎ ዘመረ። ሁለቱም ከእግዚአብሔር ጋር ሒሳቡን እንደጨረሰ ተሰማው። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ግን ጎረቤቱ ነው፤ ያን ሰው «ሰማችሁ ወይ?» ብሎ የጠየቀለት ማን ነው?

የኛ ሐሳብ ይህ ነው። ሰው የሚጸድቀው በእምነት ነው ወይስ በሥራ ነው ብለን ዶርም ውስጥ ስንካሰስ ሁለታችንም የምንረሳው አንድ ወገን አለ፤ የተበደለው ሰው። እምነት ብቻ የሚለው ወንድማችን ነገሩን በራሱና በእግዚአብሔር መካከል ይጨርሰዋል። ሥራ የሚለው ወንድማችንም ቢሆን ሥራውን ለሌላ ለማያውቀው ድኃ ይሠራና የበደለውን ሰው ግን በሌላ መንገድ ዞሮ ያልፈዋል። በላይም ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ውኃውን የሰጠው ለማያውቀው ሰው ነው። ውኃው በጎ ነው፤ አንነቅፈውም። ጸጋም ያለ ዋጋ የሚሰጥ መሆኑን አንክድም፤ በዋጋ ቢሆንማ ማን ይተርፍ ነበር? ነገር ግን ያ ጸጋ በውስጣችን እንደ ችግኝ ጸድቆ እንደሆነ የምናውቀው የበደልነው ሰው ደጅ ላይ ቆመን ስሙን ስንጠራው ነው። ከዚህ ያነሰው ረቂቁ ገና ያልጸደቀ ዐዋጅ ይመስለናል።

ስለ ሁለቱ ጓደኞቻችን መጨረሻ የሚጠይቀን ቢኖር፣ በስምንተኛው ቀን ካፌ ሰልፍ ላይ ፊትና ኋላ ሆነው ተገናኙ። ከፊት የነበረው ዞር ብሎ ሁለት ሳህን አነሣና አንዱን ለኋለኛው አቀበለው። ስለ ጳውሎስም ስለ ያዕቆብም የተነጋገሩት ነገር አልነበረም። «ያን ዕለት ከመጠን በላይ ተናገርኩህ» ያለው የትኛው እንደሆነ ግን እንድንጽፍ አልፈቀዱልንም።

በዚህ ጽሑፍ የማይስማማ አንባቢ፣ በተለይም በታሪኩ አተራረክ ውስጥ ከሰባ ስምንቱ የአንዱ ድምፅ የሚሰማበትን ሌላ ቅጂ ከአያቱ የሰማ ካለ፣ ጽፎ ይስጠን፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።